በርጩማዋ ካለች ቦታ አለ

እዚ ጅማ ስላለ አንድ ሱፐርማርኬት ነው የማወራው፣ ስሙን አልጠራም። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ደግሞ ላማርር ነው የመጣሁት፣ ስም ጠርቼ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይሆንልኝም። በሩ ፊት ለፊት በቢጫ ቀለም የተሰመረ አንድ የመኪና ማቆሚያ አላቸው፣ አጠገቡ "የሕፃናት ፓርኪንግ" የሚል ታፔላ ቆሟል፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። የ3 ዓመቱ ልጄ ምን ይላል ብሎ ጠይቆኝ ሳነብለት "ሕፃናት መኪና ይነዳሉ እንዴ?" አለኝ። ለወላጆች ማለታቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ስለራሴ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ሁለት ልጅ አለኝ፣ ትልቁ 3 ዓመቱ ነው ትንሿ 5 ወሯ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ አጋሮ ነው የሚሰራው ቅዳሜ ማታ ነው የሚመጣው ስለዚ አስቤዛው የኔ ነው፣ ያለችን መኪና አንዲት አሮጌ ቪትዝ ናት እሷንም የምነዳው እኔ ነኝ። ለምን ልጆቹን ቤት ትተሽ አትሄጂም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እናቴ የምትመጣበት ቀን ትቼ እሄዳለሁ፣ የማትመጣበት ቀን ነው የሚበዛው።

ስለዚ ይሄ ቢጫ መስመር የተሰመረ ሰሞን ደስታዬን አትጠይቁኝ። እዚ ከተማ ሌላ ቦታ እንዲ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ቢያንስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ልጅ ይዞ ገበያ መውጣት ምን እንደሚመስል አስቧል አልኩ። አንድ ወር ሳይሞላኝ ግን ያሰበው ሰውዬ ልጅ ከመኪና አውርዶ እንደማያውቅ ገባኝ።

እንዴት መሰላችሁ። ቦታውን የመረጡት ለበሩ ቅርብ ስለሆነ ነው። ቅርበቱን ማን ጠየቀ? 20 እርምጃ ብጨምር አልሞትም። እኔ የምፈልገው የመኪናው በር ወለል ብሎ እንዲከፈትልኝ ነው።

እንግሊዝ ያለችው እህቴ የላከችልኝ ካርሲት አለ፣ መኪና ውስጥ የሚታሰር የሕፃን ወንበር። እዛ አገር ሕፃን ያለሱ መኪና ውስጥ አይገባም፣ በአዲሱ የአውሮፓ ደረጃ እንደውም ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ፊቱ ወደ ኋላ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ ምክንያቱም የሕፃን ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም፣ መኪናው ቢጋጭ ግፊቱን ጀርባው ይቀበለው ነው ነገሩ። እዚ ግን ሰው ሲያየው ይገርመዋል። "ምን አጥፍታ ነው ፊቷን ያዞርሽባት?" ያሉኝ ጎረቤት አሉ። ብቻ ይሄን ወንበር ከነልጅቷ ለማውጣት በሩ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ግማሽ አካሌን ማስገባት አለብኝ፣ ቀበቶውን መፍታት አለብኝ፣ ከዛ ወንበሩን ሳላዘነብል ወደ ውጪ መሳብ። ይሄን ሁሉ ስሰራ ትልቁ ልጅ ቀሚሴን ይዞ መቆም አለበት፣ ይዞ ግን አይቆምም፣ ዶሮ ካየ አለቀ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ተናድጄ ሜትሯን ተውሼ ሄጄ ቦታውን ለካሁት፣ ጥበቃው አባባ አንዱን ጫፍ ያዙልኝ። ወርዱ 2 ሜትር ከ30። የኔ ቪትዝ 1 ሜትር ከ70 ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት፣ መሃል ላይ ባቆማት በየጎኗ 30 ሳንቲ ይተርፈኛል። በቀኜ በኩል ላንድክሩዘር ሲቆም ደግሞ አስቡት፣ እሱ ወርዱ 2 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ መስመሩን ጠብቆ በትክክል ቢቆም እንኳን (አይቆምም) ከሱ ወገን የሚተርፈኝ 15 ሳንቲ ነው። 30 እና 15፣ 45 ሳንቲ። ካርሲቱን ለካሁት፣ 44። በሩ ራሱ ውፍረት አለው፣ እኔም ውፍረት አለኝ።

በግራ በኩልስ ካላችሁ እዛ ያለው ጀነሬተሩ ነው፣ በብረት ፍርግርግ ታጥሮ። ወደ ጀነሬተሩ ተጠግቼ ላቁም ብል ልጅቷ ትወጣለች እኔ አልወጣም፣ ወደዛኛው ብጠጋ እኔ እወጣለሁ እሷ ትቀራለች። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጀነሬተሩ ይነሳል፣ ስንት መንገድ ዞሬ ያስተኛኋት ልጅ ብድግ። ከከተማው ፓርኪንግ ሁሉ ለተኛ ሕፃን የማይሆነውን አንዱን ቦታ መርጠው "የሕፃናት" ብለው ጻፉበት፣ ይሄን ሳስብ እስካሁን ያስቀኛል።

አሁን ወደ ጥሩው ነገር ልምጣ፣ እሱም አባባ ናቸው። ስማቸውን አላውቅም ሁሉም ሰው አባባ ነው የሚላቸው፣ ረጅም የዝናብ ካፖርት ይለብሳሉ ጸሐይ ሲሆንም አያወልቁትም። ቢጫው ቀለም በተቀባ በሳምንቱ ማንም ከቁብ እንዳልቆጠረው ያዩት እሳቸው ናቸው። ባጃጆች ደንበኛ ይጠብቁበታል፣ ፒክአፖች ሲሚንቶ እንደጫኑ ይቆሙበታል፣ ታፔላውን አንዱ ጃኬቱን ሰቅሎበት አይቻለሁ የምሬን ነው። እሳቸው ምን አደረጉ፣ የሚቀመጡባትን በርጩማ አምጥተው መሃል ላይ አስቀመጧት። የጅማ በርጩማ ናት፣ ባለ ሶስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበች፣ ከመቀመጥ ብዛት መሃሏ እንደ መስታወት ያበራል። ከዛ ቀን ጀምሮ ማንም አልገባም። ቀለም የማን ነው? የማንም ነው። በርጩማ ግን ሲያዩዋት ባለቤት አላት፣ አሁን ተነስቶ ሄዶ አሁን የሚመለስ ሰው አላት፣ እሷን ገፍቶ መኪና ማቆም ነውር ነው። እኔ ስመጣ ከሩቅ የቪትዟን ድምፅ ያውቁታል (ጭስ ማውጫዋ ይንጣጣል)፣ በርጩማዋን ብድግ አድርገው በእጃቸው ና ና ይላሉ። ሌላ መኪና ሲመጣ ደግሞ አይቆጡም አይጮሁም፣ በመስኮት ጎንበስ ብለው "ልጅ አለ?" ይላሉ። ካለ በርጩማዋ ትነሳለች፣ ከሌለ ፈገግ ብለው ወዲያ ማዶ ያሳያሉ።

አንዴ ደግሞ አንድ ሰውዬ ልጅ አለ አላቸው። የታለ ሲሉት "ቤት ነው፣ ለሱ ወተት ልገዛ ነው" አላቸው። "ወተቱ ለልጅ ከሆነማ ምን ይደረጋል" ብለው አስገቡት። እኔ ብሆን አላስገባውም ነበር ግን በርጩማዋ የኔ አይደለችም።

ዝናብ ሲሆን ዣንጥላ ይዘው ይመጣሉ። የጅማን ዝናብ ለሚያውቅ ምን ይነገረዋል፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነው የሚወርደው፣ ሲወርድም በባልዲ ነው። አባባ ዣንጥላውን ልጅቷ ላይ ነው የሚይዙት፣ እኔ እበሰብሳለሁ፣ እሳቸውም ይበሰብሳሉ፣ እሷ ብቻ እንደ ደረቀች ትገባለች። "ማሻአላህ ማሻአላህ" እያሉ። ትልቁን ልጅ በሌላ እጃቸው ይይዙልኛል። 20 ብር ስሰጣቸው አንዴ ተቀበሉኝ፣ ከዛ ለልጁ ከረሜላ ገዝተው ጠበቁኝ፣ ከረሜላ ባይገዙለት ደስ ይለኝ ነበር ግን እንዴት ብዬ ልናገራቸው። ገለቶማ ብዬ አመስግኜ ዝም አልኩ።

እና ችግሩ ምንድነው ካላችሁ አርብ ነው። አርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት አባባ ለጁምዓ ይሄዳሉ፣ በርጩማዋ ወደ ውስጥ ትገባለች። ሐምሌ ላይ እኔ ይሄን ሳላስብ ሄድኩ፣ ዳይፐር አልቆብኝ ነው እንጂ አርብ አልወጣም ነበር። ቦታው ላይ ኮድ 4 ላንድክሩዘር ቆሟል። ሹፌሩ ወንበሩን አዘንብሎ ስልኩን ያያል። መስኮቱን አንኳኳሁ፣ በጨዋ ደንብ፣ "ወንድሜ ቦታው ልጅ ለያዘ ሰው ነው" አልኩት። "እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ" አለኝ። "ስንት ዓመትህ ነው?" ስለው "ለእናቴ ገና ሕፃን ነኝ"። ሳቄ አመለጠኝ፣ እሱ ነው ከሁሉም ያናደደኝ፣ ከሳቅኩ በኋላ መቆጣት አልቻልኩም። እሱም ሳቀ፣ ግን አልተንቀሳቀሰም። አለቃዬ አሁን ይወጣሉ አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ አቆምኩ። ዝናቡ ጀመረ። ካርሲቱን በቀኝ እጄ፣ ልጁን በግራ፣ ቦርሳዬ አንገቴ ላይ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ባጃጆቹ ጡሩንባቸውን እያንባረቁ በመሃላችን ያልፋሉ። ሁለት ተማሪ የሚመስሉ ልጆች መጡ፣ አንዷ ምንም ሳትል ልጄን በጀርባዋ አዘለችው ሌላዋ የካርሲቱን አንድ ወገን ያዘች፣ በሩ ጋ አድርሰውን ሄዱ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኳቸውም። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን ነበር።

ማታ ለእህቴ ደውዬ ሳማርር እዛም ያው ነው አለችኝ። እንግሊዝ አገር ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ሁሉ የወላጅና ልጅ ቦታ አላቸው፣ ከሌላው ሰፋ ያለ ነው፣ ግን ሕግ አይደለም፣ የመደብሩ ደንብ ነው፣ ፖሊስ አያገባውም፣ ልጅ ሳይዝ የቆመውን ሰው ቢበዛ ፓርኪንጉን የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው የክፍያ ወረቀት የሚልክለት። የአካል ጉዳተኞቹ ግን ሌላ ነው፣ ሰማያዊ ባጅ የሚባል በመንግሥት የሚሰጥ ፈቃድ አለ ከጀርባው ሕግ ቆሟል። እና እዛም በየሱፐርማርኬቱ በር ሰዎች ይጣላሉ አለችኝ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ ሕፃን ነው አይደለም እያሉ። በማግስቱ ልጅቷ መኪና ውስጥ ተኝታብኝ እስክትነቃ ስልኬን ስጎረጉር ደግሞ ጣሊያኖቹ በፈረንጅ 2021 የመንገድ ሕጋቸው ውስጥ እንዳስገቡት አነበብኩ፣ ለነፍሰ ጡርና እስከ 2 ዓመት ልጅ ላለው ወላጅ ፈቃድ እየተሰጠ የሚቆምበት ሮዝ ቦታ። ሴኡል ደግሞ በፈረንጅ 2009 ሮዝ መስመር አስምራ ለሴቶች ብላ ነበር የጀመረችው፣ በ2023 የቤተሰብ አደረገችው፣ አባት ልጅ ይዞ ሲመጣስ ነው ነገሩ፣ ሽማግሌም ተጨመረበት። ይሄኛውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ልጅቷ ስትወለድ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የተቀመጠችውን 3 ቀን ነው፣ ልጅ ይዞ ሱፐርማርኬት መሄድ እሱን አይመለከተውም፣ ሳቀና ዝም አለ።

እዚ ጋ አንድ ነገር ልናገር፣ ሱፐርማርኬቱን ከምር የምወቅሰው እዚ ላይ ነው። የልጆች ቦታ አስምረዋል፣ ለአካል ጉዳተኛ ግን አንድም የላቸውም። በሩ ላይ ሁለት ደረጃ አለ ራምፕ የለም። የሕንፃ አዋጁ፣ በኛ አቆጣጠር በ2001 የወጣው ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ብሏል፣ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ጭምር። የኔ ነገር እኮ ትህትና ነው፣ ቢያደርጉልኝ አመሰግናለሁ ባያደርጉልኝ ካርሲቱን ተሸክሜ እገባለሁ። በዊልቸር የሚመጣ ሰው ግን ሁለቱን ደረጃ ምን ያድርጋቸው። ራምፑ ቢሰራ ደግሞ የልጅ ጋሪም ይወጣበታል። ቅድሚያ የሚሰጠውን ትተው የሚያምረውን ቀቡ።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እዚ ከተማ ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶች ስንቶቹ ናቸው በራሳቸው መኪና የሚመጡት? አብዛኛው በባጃጅ ነው፣ ልጁ በአንቀልባ ጀርባ ላይ ነው። ባጃጁ የሚያወርዳቸው ቦዩ ጫፍ ላይ ነው፣ በክረምት ውሃው ከቦዩ ተርፎ መንገዱን ሲሞላ ዘለው ነው የሚሻገሩት፣ ልጅ አዝለው። ሁለት ሜትር ድልድይ ቢሰሩ ከኔ ቢጫ ቀለም ለስንት እጥፍ ሰው ይጠቅም ነበር።

ስለ ውስጡ ብዙ አልልም። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ዋጋው ሁላችንም እንደምናውቀው ነው። ልጅ የሚቀመጥበት ትሮሊ ሁለት አላቸው የአንዱ ቀበቶ ተበጥሷል፣ በሻሽ አስረውታል። ዳይፐር ለምን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚሰቅሉት የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ልጅ የያዘች ሴት ናት እኮ የምትገዛው፣ ታች ያስቀመጡት ውስኪውን ነው። ማጥቢያ ቦታ የለም፣ አንዴ አልቅሳብኝ ካሸሯ ከባንኮኒው ጀርባ የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝና እዛው ሩዝ ከረጢት ተደግፌ አጠባሁ። ወረፋ ላይ ግን አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም። "እሷን አሳልፏት" የሚል ሰው ሁሌ አለ፣ ካሸሯ ሳትናገር ሰዉ ራሱ ነው የሚለው፣ ሲሉ ደግሞ ትሮሊዬን እየገፉልኝ ነው። ፓርኪንግ ላይ ሲደርስ ይሄ ሰው የት እንደሚሄድ አላውቅም፣ መሪ ሲይዝ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።

ከዛ አርብ በኋላ ማናጀሩን አነጋገርኩት። ወጣት ነው፣ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ ታዘዘልኝ። ሜትሩን አሳየሁት 45 ሳንቲውን ነገርኩት። ሐሳቤ ቀላል ነው፣ ቦታውን ከበሩ አንሱትና ግቢው መጨረሻ አጥሩ ጋ ውሰዱት፣ እዛ በቀኝ በኩል መኪና የማይቆምበት ክፍት ነገር አለ፣ በር እንደልብ ይከፈታል፣ ጀነሬተርም የለም፣ ለበሩ ቅርብ የሆነውን ደግሞ አስፍታችሁ ለአካል ጉዳተኛ አድርጉት። ሲሰማኝ ቆየና "እህቴ እዛ ከሆነ እኮ አይታይም" አለኝ። ለማን ነው የሚታየው አልኩት። ሰው ገና ሲገባ ለልጆች እንዳሰብን ማየት አለበት አለኝ። እኔ ልጅ አወርድበታለሁ ብዬ ያሰብኩት ቦታ ለካ ማስታወቂያ ኖሯል። ግን ልጁ ክፉ አይደለም፣ እሺ እናየዋለን አለኝ፣ ቁጥሬንም ተቀበለኝ። እናየዋለን ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ።

ተሳስቻለሁ። በ3 ሳምንቱ ስሄድ አጥሩ ጋ አዲስ ቢጫ መስመር ተሰምሯል! በቀኙ በኩል ለበሩ መክፈቻ የሚሆን በሰያፍ የተሰመረ 1 ሜትር ከ20 አለው፣ ልክ እኔ ወረቀት ላይ እንደሳልኩለት። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ከዛ ጠጋ ስል ሰያፉ መሃል ላይ አሮጌ ጎማ ተቀብሮ ውስጡ አበባ ተተክሏል። ነጭና ቀይ የተቀባ ጎማ። ባዶ ሆኖ ሲያስጠላ ጊዜ ነው አሉ። በሩን ስከፍተው ልክ ጎማው ላይ ያርፋል፣ አበባውን ሁለቴ ጨፍልቄዋለሁ። የድሮው ቦታ አሁን የማንም አይደለም፣ ለአካል ጉዳተኛም አላደረጉትም፣ ደረጃውም እንዳለ ነው።

አባባን ጎማው ይነሳ ብዬ ስለምናቸው አበባ ተተክሎበት እንዴት አነሳለሁ አሉኝ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚያጠጡት እሳቸው ናቸው። በርጩማዋን ግን ወደ አዲሱ ቦታ አምጥተዋታል፣ ጎማው አጠገብ ናት።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ አርብ ከ6 እስከ 8 አትሂዱ። ከሰዓት የምትሄዱ ከሆነ ከ9 ሰዓት በፊት ግቡ ዝናቡ ሳይቀድማችሁ። መኪናችሁን በኋላ ማርሽ አስገቡት፣ በአፍንጫ ከገባችሁ የቀኝ በር ወደ አጥሩ ይዞርባችኋል ሰያፉም በሹፌር በኩል ይቀራል። ለአባባ 10 ኮከብ፣ ለካሸሯ 5፣ ለሱፐርማርኬቱ ጎማው እስኪነሳና ራምፑ እስኪሰራ ድረስ 3።